ስንቁ በአንድ እጄ፣ መንገደኛው በሌላው

የሆነ ነገር መበጠሱን ያወቅሁት በድምፁ ነው። እርጥብ የበቆሎ አገዳ ሲቀነጠስ የሚሰማው ዓይነት፣ አጭር፣ ውሃ ያዘለ ድምፅ። የመጣው አምስት ወር ሙሉ «ምንም የለውም» ስለው ከቆየሁት ቫዞ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ቆርጬ ተነስቻለሁ፤ አፈሩን ደፍቼ ቫዞውን ለሌላ ችግኝ ላውለው። ስገለብጠው አልወርድ አለ። ጀርባውን በመዳፌ መታ መታ ባደርገውም አልወርድ አለ። ከላይ ግማሽ አካሉ የሚታየውን ዘር ጨብጬ ሳብ ሳደርገው ነው እንግዲህ ያ ድምፅ የተሰማው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘንባባ ከዘር አብቅያለሁ፤ የሞተብኝም አለ፣ ያደገልኝም አለ። ከሞቱት አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ያኛው ግን አልረሳ አለኝ። ሌሊት ዝናብ ሲጥል፣ ወይ አዲስ ቫዞ ስሞላ ብድግ ብሎ ይመጣል። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ለምን እንዲህ እንደሚከተለኝ ለራሴ ለማስረዳት ጭምር ነው።

## የለመድኩት ዘንባባ

ዘንባባን ከዘር ማብቀል የጀመርኩት በፊኒክስ ሬክሊናታ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ታች እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ባሕር ተሻግሮም እስከ ማዳጋስካር በወንዝ ዳርና በረግረግ ጫፍ የሚበቅለው፣ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ እያወጣ የሚንዠረገገው ዘንባባ ማለት ነው። የተምር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን ከተምር በጣም ያንሳል። ሲበስል ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ውስጡ አንድ ዘር ብቻ አለ።

ዘሩ በአንድ በኩል ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አለው። ቡቃያው በዚያ ስንጥቅ የሚወጣ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ገልብጣችሁ ጀርባውን በደህና ብርሃን ብታዩት ግን የመርፌ ራስ የምታህል ክብ ነጥብ ታገኛላችሁ። ሽሉ የተኛው እዚያች ነጥብ ሥር ነው። ሌላው ድንጋይ የመሰለው አካል በሙሉ ስንቁ ነው። ይህን ነጥብ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደስታዬን ለማን እንደምነግር ጠፍቶኝ ነበር።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሥጋውን ልጬ አጥባለሁ፤ ከዚያ በየቀኑ ውሃውን እየቀየርኩ ለሦስት ቀን እዘፈዝፋለሁ። የፍሬው ሥጋ መብቀልን ያዘገያል፣ ሻጋታም ይጠራል፤ ስለዚህ ማጠቡ ላይ አልሰንፍም። (እግረ መንገዴን፦ ካርዮታና አሬንጋ የሚባሉ ዘንባባዎች ፍሬያቸው በዓይን በማይታዩ መርፌ መሳይ የኦክሳሌት ክሪስታሎች የተሞላ ነው። በባዶ እጅ የላጠ ሰው እጁ ሲለበልበው ይውላል። ጓንት ሳታደርጉ አትንኳቸው።) አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን፤ እኔ ግማሹን ሻካራ አሸዋ አደርገዋለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ሙቀት ነው። አብዛኛው የሐሩር ዘንባባ ዘር በደንብ የሚነቃው ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ውሃ ጠጥቶ ሙቀት ያጣ ዘር ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም።

ፊኒክሱ አላሳፈረኝም። እንደ ሣር ቀጭን፣ ግን በቁመቱ እጥፋት ያለበት አንድ ቅጠል ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። የማያውቅ ሰው ያየው እንደሆነ አረም ብሎ ይነቅለዋል፤ ዘንባባ የሚያስመስለው የተከፋፈለ ቅጠል የሚመጣው ቆይቶ ነው። ተሳካልኝ። ሲሳካልኝ ደግሞ አንድ ሕግ ያወቅሁ መሰለኝ፤ ዘር ይዘራል፣ ይጠበቃል፣ ቅጠል ካላወጣ ሞቷል። ይህን ሕግ ይዤ ነው ወደ ሌላው ዘንባባ፣ ወደ ቦራሰስ፣ የሄድኩት።

## ያ ጠዋት

ቦራሰስ ኤትዮፒየም በስሙ ኢትዮጵያን ይጥራ እንጂ አገሩ ሰፊው የአፍሪካ ሐሩር ሣር ምድር ነው። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ቁመቱ 20 ሜትር የሚደርስና የሚያልፍ፣ ትልቅ ሲሆን ግንዱ መሃል ላይ የሚያብጥ ግዙፍ ዘንባባ ነው። ፍሬውን ዝሆን ይበላዋል፤ ዘሩን ሆዱ ውስጥ ተሸክሞ ርቆ ሄዶ ከፋንድያው ጋር ይጥለዋል። አንድ ወዳጄ ከሩቅ መንገድ አንድ ፍሬ ይዞልኝ መጣ። ሁለት እጅ የሚሞላ ነበር። ውስጡ ሦስት ዘር አገኘሁ፤ እያንዳንዱ መዳፍ የሚሞላ፣ እንጨት የመሰለ፣ አጥቤው እንኳ ቃጫው ያልለቀቀው።

ሦስቱን በሦስት ቫዞ ተከልኳቸው። ቫዞዎቹ ለፊኒክስ የምጠቀምባቸው ናቸው፤ ጥልቀታቸው 25 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ዘሮቹን ግማሽ ድረስ ቀበርኳቸው፤ አሞቅኳቸው፤ አጠጣኋቸው። በየጠዋቱ እያየሁ አምስት ወር አለፈ። ከአፈሩ ላይ የወጣ ነገር አልነበረም። ከሦስቱ የአንደኛው ዘር መበስበሱን ከመጥፎ ጠረኑ አወቅሁ፤ ጣልኩት። ይህን ጊዜ ነው ሁለቱንም ልጨርሳቸው የተነሳሁት።

እና ያ ድምፅ።

በቀኝ እጄ ዘሩ ቀረ። ከሱ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ነጭ ቁራጭ ተንጠልጥሏል፤ የተቆረጠበት ላይ ውሃ አቅርሯል። ቢላ አምጥቼ ቫዞውን ከአናቱ እስከ ወለሉ ቀደድኩት። የቀረው ቁራጭ አፈሩን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ወለሉ ላይ ሲደርስ መውጫ አጥቶ ወለሉን ተከትሎ አንድ ጊዜ ዞሯል። ጫፉ ወፈር ብሎ ሾሏል። ከጫፉ የተነሱ ነጫጭ ሥሮች በውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ተሹለክልከው ወጥተዋል፤ ያልወርድም ያለው ለዚህ ነው። ያን የሾለ ጫፍ በጥፍሬ ገለጥ አደረግሁት። ሽፋን በሽፋን ላይ ተጠቅልሎ፣ እመሃሉ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ የገረጣ ቢጫ ቅጠል ተጣጥፎ ተቀምጧል። እጥፋቶቹ ይቆጠራሉ። ለመውጣት የተዘጋጀ ቅጠል ነበር።

ዘሩን በመጋዝ ከፈልኩት። ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ አካል በቅሏል፤ ዙሪያውን ጠንካራው ነጭ ስንቅ አለ። ስፖንጁ ያን ስንቅ እያሟሟ እየመጠጠ በነጩ ቱቦ በኩል ወደ ታች ለልጁ ሲልክ ነበር የከረመው። ከስንቁ ገና እሩቡ እንኳ አላለቀም።

ስንቁ በአንድ እጄ፣ መንገደኛው በሌላው። በመካከላቸው የነበረውን እትብት የበጠስኩት እኔ ነኝ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እሷ እንኳ ያፈሰሰችው መሬት ላይ አለላት፤ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። እኔ የያዝኩት የሚለቀም አልነበረም። ያም ሆኖ ነገሩን «ቸኮልኩ» ብዬ ብዘጋው እውነቱን አልናገርም። አምስት ወር ጠብቄያለሁ። አንድም ቀን ውሃ አላስተጓጎልኩም። መጠበቅ አልጎደለኝም፤ የጠበቅሁት በተሳሳተው በኩል ነበር እንጂ። በየጠዋቱ ላዩን አየሁ፤ በእነዚያ ሁሉ ወራት አንድ ቀን ቫዞውን ከፍ አድርጌ ታቹን አላየሁም። የሚነግረኝ ነገር ከወለሉ በኩል ወጥቶ ቆሞ ነበር።

የቀረውን አንድ ቫዞ ሄጄ በሁለት እጄ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከታች ሁለት ነጫጭ ሥሮች ወጥተው ቫዞው የቆመበትን እርጥብ ሲሚንቶ እየዳበሱ ነበር።

## ወደ ታች የሚነሳ ዛፍ

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ዘንባባ እንደ ሣርና እንደ በቆሎ ባለ አንድ ክክ ነው። ያ እንደ ሥር የመሰለኝ ነጭ ነገር ሥር አልነበረም፤ ክኩ ራሱ ነው፣ ተመዝዞ ሽሉን ተሸክሞ ከዘሩ የሚያርቀው። ፊኒክስም እንዲሁ ያደርጋል፤ እሱ ግን አጭር መንገድ ነው የሚሄደው። ቦራሰስና ዱም ዘንባባ በጥልቀት ይወርዳሉ፤ የቦራሰስ ግማሽ ሜትር አልፎ አንዳንዴ ወደ ሜትር ይጠጋል። በዓለም ትልቁን ዘር የሚሰጠው የሲሸልሱ ኮኮ ደ ሜር የቦራሰስ ዘመድ ነው፤ እሱ ደግሞ ሽሉን ብዙ ሜትር ወስዶ ነው የሚያሳርፈው።

ለምን? ቦራሰስ የሚኖርበትን ምድር አስቡት። በጋው ረጅም ነው፤ ሣሩ በየዓመቱ ይቃጠላል፤ ትልልቅ እንስሳ ይረግጠዋል። ዘንባባ ደግሞ የእድገት ጫፉ አንድ ነው። ሌላው ዛፍ አናቱ ቢቆረጥ ከጎኑ ያቆጠቁጣል፤ የአንድ ዘንባባ ግንድ ግን ያቺ አንዲት ጫፍ ከሞተች አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ልጁ ያቺን ጫፍ እሳትና ሰኮና ከማይደርስበት አፈር ሥር ቀብሮ ያሳድጋታል። ከዚያም ቢሆን ወደ ላይ ለመሄድ አይጣደፍም። የዘንባባ ግንድ እንደ ባሕር ዛፍ ዓመት በዓመት ቀለበት እየጨመረ አይወፍርም፤ ስለዚህ የግንዱን ውፍረት አስቀድሞ መሬት ደረጃ ላይ ያዘጋጃል፣ ቁመቱን ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ለዓመታት ቅጠል ብቻ እንጂ ግንድ የሌለው ዘንባባ ብታዩ እያደገ አይደለም አትበሉ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ዓይኔ የሚሄደው እንቁላሉ ላይና መንገዱ ላይ ነበር። ዛሬ እግሩ ላይ ይቆማል። ይህ ዛፍ አስቀድሞ የሚያበጀው እግሩን ነው። ሌላው ሁሉ በስንቅ የሚኖር ነው።

ከዘንባባ ዝርያዎች ከአራት አንዱ የሚሆኑት ለመብቀል ከ100 ቀን በላይ እንደሚፈጁ፣ ከተዘሩትም ከመቶ 20 እንኳ እንደማይበቅሉ ይገመታል። እኔ ይህን ቁጥር ሳነበው መጽናናት አልሆነልኝም። ከእነዚያ «አልበቀሉም» ከተባሉት ስንቶቹ ከታች ሲሄዱ እንደተደፉ ማሰብ ጀመርኩ።

ይህ ማለት ሁሉም ዘንባባ ጥልቅ ዕቃ ይፈልጋል ማለት አይደለም። ኮኮነት፣ አርኮንቶፊኒክስ፣ ቻሜዶሪያ የመሳሰሉት ቡቃያቸው እዚያው ዘሩ አጠገብ ይነሳል፤ አጠር ያለ ቫዞ ይበቃቸዋል። ዘር ከማግኘታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ይህ ነው፤ ልጁ አጠገብ ነው የሚበቅለው ወይስ ይርቃል? ዕቃው የሚመረጠው በዚህ ነው። እኔ ዕቃውን የመረጥኩት ቅጠሉን አስቤ ነበር። ሥሩ ላይም ቸልታ አይበጅም። በአንዳንዱ ዝርያ የተቆረጠ ሥር ያቆጠቁጣል፤ በአንዳንዱ፣ ለምሳሌ በሳባል ፓልሜቶ፣ የተቆረጠው ሥር ወደኋላ ደርቆ ይቀራል፤ ዛፉ ከግንዱ ሥር አዲስ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ልጁ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲሸጋገር ዕቃው ይቀደድ፣ ልጁ አይሳብ።

ስለ ጊዜ ሲወራ ሰዎች ሁልጊዜ በእስራኤል ካለው ከጥንታዊው የማሳዳ ምሽግ የተገኘውን ተምር ያነሱልኛል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተካሄደው ቁፋሮ የተገኘና 2,000 ዓመት ገደማ የሆነው የተምር ዘር አርባ ዓመት ያህል መሳቢያ ውስጥ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዋ ኢሌን ሶሎዌይ ተክላው በቀለ፤ ማቱሳላ አሏት። ኋላ ወንድ መሆኑ ታወቀ። በ2020 ደግሞ ሐና የተባለችው፣ እንዲሁ ከጥንታዊ ዘር የበቀለች ሴት ዘንባባ፣ ከእሱ ብናኝ ፍሬ ሰጠች። ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይሞላል። ነገር ግን ተምር የደረቅ ምድር ልጅ ነው፤ ዘሩ መድረቅን ይችላል። እንደ ኮኮነትና ኤዩተርፒ ያሉት የእርጥብ ምድር ዘንባባዎች ዘር ከደረቀ ይሞታል። «ዘር ነው፣ የትም አይሄድ» ተብሎ ፖስታ ውስጥ የከረመ ስንት የደን ዘንባባ ለእኔም ደርሶኛል፤ ስሰነጥቀው ሽሉ ጠውልጎ ቡናማ ሆኗል።

## የማን ልጅ ነህ?

ሌላ ዓመት ሌላ ነገር ገጠመኝ። በኩራት ያሳደግኋቸውን የሬክሊናታ ችግኞች ተክል የሚያውቅ ሰው አየልኝና «እናቱን አይተሃል፤ አባቱንስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ፊኒክስ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው፤ ዝርያዎቹም እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ። እኔ ዘሩን የለቀምኩት ከአንድ የተዋበ ግቢ ነው፤ እዚያው ጥቂት ራቅ ብሎ የካናሪ ዘንባባና ተምር ቆመዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ችግኞቹ ጤነኛ፣ ቆንጆ ነበሩ። ግን «ሀገር በቀል» ብዬ ወንዝ ዳር ወስጄ ብተክላቸው ኖሮ፣ እዚያ ለሺህ ዓመታት የኖረው ዘር ውስጥ ሌላ ደም እከትት ነበር። በካናሪ ደሴቶች ራሳቸው የደሴቶቹ ዘንባባ ከመጣው ተምር ጋር እየተዳቀለ ማንነቱ ያሰጋል።

ከዚያ በኋላ ዘር ስለቅም ዙሪያውን ሳልዞር አልለቅምም። ወንዙ ዳር የራሱ ወንድና ሴት ተሰባስበው ከቆሙበት፣ ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ዛፍ፣ ለአእዋፍና ለዝንጀሮ የሚተርፈውን ትቼ። በእያንዳንዱ ቫዞ ላይ የተለቀመበትን ቦታና ቀን እጽፋለሁ። ይህን ለጥቃቅን ነገር መጨነቅ ነው የሚል ካለ፣ በሞሪሸስ ኪውርፒፕ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ የቆመችውን ሃዮፎርቢ አማሪኮሊስ የምትባል ዘንባባ ያስብልኝ። ከዝርያዋ በዓለም ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ነች፤ አንዲት ግንድ። ወንዴና ሴቴ አበቦቿ የሚፈኩበት ጊዜ ስለሚለያይ ከራሷ ጋር እንኳ ለመራባት ይቸግራታል። አንድ ቀን ስለ እሷ ሳነብ፣ ያን የበጠስኩትን ነጭ ነገር መልሼ እጄ ላይ አየሁት።

## የተሰነጠቀ ቧንቧ

ያቺን የተረፈች ቫዞ ምን አደረግኋት? ወለሏን በመቀስ ቆርጬ አነሳሁና አፈሯን ሳልነካ ከጥልቅ በርሜል አፈር ላይ አስቀመጥኳት። ከሦስት ወር በኋላ ቅጠል ወጣ፤ ጠመም ያለ፣ ግን አረንጓዴ። ሁለት ዓመት ኖረ። በሦስተኛው ዓመት ከእምብርቱ ጀምሮ ደረቀ። ቆፍሬ ሳየው ያ ወለሉ ላይ የዞረው ቀለበት እንደዞረ ነበር፤ ሰፊ ቦታ ካገኘም በኋላ አልተፈታም።

ባለፈው ዓመት ሌሎች አራት የቦራሰስ ዘሮች ደረሱኝ። አሁን ቫዞ አልሰጠኋቸውም። ለእያንዳንዳቸው የሜትር ርዝመት ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ገዛሁና በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቄ፣ መልሼ ገጥሜ በሽቦ አሰርኩት። አፈር የሚገባበት ቀን አፉን ሳልገለብጥ፣ ልጁን ሳልስብ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሽቦውን ፈትቼ ሁለቱን ግማሽ ግራና ቀኝ አወጣቸዋለሁ። ወለሉን በሽቦ ወንፊት ብቻ ዘጋሁት፤ ከግንብ ላይ ከፍ አድርጌ ስላቆምኩት ታቹ ይታየኛል። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው ታቹን ነው።

አንዱ ገና ድሮ በሰበሰ። ሦስቱ ቆመዋል። በሰባተኛው ወር ከሁለቱ ቅጠል ወጣ፤ ሦስተኛው ላይ አፈሩ እንዳለ ነው፣ በወንፊቱ በኩል ግን ነጭ ጫፍ ይታያል፤ ስለዚህ ውሃ አልነፈግሁትም። የሚተከሉበት ቦታ ተመርጧል። ጉድጓዱን ግን ዝናቡ ሳይገባ አልቆፍርም።

ትናንት ማታ ከቀደመው ቧንቧ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ ከአፈሩ ብቅ ያለውን የዘሩን ጀርባ በጣቴ ጫፍ አንኳኳሁት። ድምፁ ድፍን ነው። ስንቁ ገና አላለቀም። ሽቦውን ነካ አድርጌ ጥብቅ ማለቱን አየሁና ተነሳሁ።